ስኳሩ በማር፣ ቅቤው በሙዝ የተተካው ካፕኬክ ለምን ሊጥ ሆኖ ቀረ?

ጥያቄ፦ «ለልጆቼ በተፈጥሯዊ ነገር ብቻ የፍራፍሬ ካፕኬክ ልሥራ ብዬ ተነሣሁ። መነሻዬ የተለመደው የቫኒላ ካፕኬክ አሠራር ነበር፤ 200 ግራም ዱቄት፣ 200 ግራም ስኳር፣ 115 ግራም የገበታ ቅቤ፣ ሁለት እንቁላል፣ 120 ሚሊ ሊትር ወተት። ስኳሩን በ200 ግራም ማር፣ ነጩን ዱቄት በሙሉ ከነፉርሽካው በተፈጨ የስንዴ ዱቄት፣ ቅቤውን በዚያው ልክ በተፈጨ ሙዝ ለወጥኩት። 150 ግራም እንጆሪና 100 ግራም ብሉቤሪ ጨመርኩበት። ማሩ ስለሚከብድ እንዲነፋልኝ ብዬ በቤኪንግ ፓውደሩ ፋንታ ሁለት የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ አደረግሁ። በ180 ዲግሪ ለ20 ደቂቃ ጋገርኩት። አናቱ ጠቆረ፣ ውስጡ ግን ሊጥ ነው። ከኦቨን ሲወጣ መሃሉ ሰረጎደ። በብሉቤሪው ዙሪያ አረንጓዴ ሆኗል፣ ጣዕሙም ሳሙና ሳሙና ይላል። ኦቨኔ ነው ወይስ ማሩ የተደባለቀ ነበር? ብሉቤሪውስ ሻግቶ ይሆን? ደግሞስ የ9 ወሯ ልጄ ብትቀምሰው ምን አለበት? ሁሉም ተፈጥሯዊ ነው።»

ምላሽ፦ ከመጨረሻው ልጀምር፤ ጊዜ የማይሰጠው እሱ ነውና። አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር አይሰጥም፤ ጥሬውም፣ የተጋገረውም። በማር ውስጥ ቦቱሊዝም የሚባለውን በሽታ የሚያመጣው ባክቴሪያ በእንቅልፍ ላይ እንዳለ፣ ማለትም ስፖር ሆኖ ሊገኝ ይችላል። የትልቅ ሰው አንጀት አያስተናግደውም፤ የሕፃን አንጀት ግን ገና ስላልጠና እዚያ ነቅቶ መርዝ ሊያመነጭ ይችላል። ብዙ እናቶች «ተጋግሮ የለ?» ይላሉ። ኦቨኑ 180 ዲግሪ ይበል እንጂ የካፕኬኩ ውስጥ ከ100 ዲግሪ አያልፍም፤ ውስጡ ያለው ውኃ አያሳልፈውም። ስፖሮቹን ለመግደል ደግሞ በግፊት የታፈነ የ121 ዲግሪ ሙቀት ያስፈልጋል። ማሩ ንጹህ መሆኑ፣ ከቀፎ በቀጥታ መቆረጡ ይህን አይለውጠውም። ለሕፃኗ የሚሆነውን በኋላ እመለስበታለሁ።

ኦቨንዎ አልበደለም። ማሩ የተደባለቀ ይሁን አይሁን ከዚህ ውጤት ተነሥቶ መናገር አይቻልም፤ አንደኛ ደረጃ ማር ቢሆንም የሚያገኙት ይኸንኑ ነበር። ብሉቤሪውም አልሻገተም። ችግሩ ፍራፍሬ ከመጨመርዎ ሌላ አራት ነገር በአንድ ጊዜ መለወጥዎ ነው፤ ማሩ፣ ሙዙና ፍራፍሬው ደግሞ ኬኩን ወደ አንድ አቅጣጫ ገፉት፤ ወደ ውኃ።

ስኳርን ማጣፈጫ ብቻ አድርጎ ማየት የተለመደ ስህተት ነው። በኬክ ውስጥ ስኳር ከዱቄቱ እኩል ሠራተኛ ነው። ከቅቤ ጋር ሲመታ የሾሉት ቅንጣቶቹ ቅቤውን እየፈለፈሉ አየር ያስገቡበታል፤ ቤኪንግ ፓውደሩ በኋላ የሚነፋው ይህንኑ አየር ነው። ኦቨን ውስጥ ደግሞ ውኃውን ይዞ ያቆያል፤ እንቁላሉና የዱቄቱ ስታርች ቶሎ እንዳይረጉ ስለሚያዘገይ ሊጡ ከመጽናቱ በፊት ለመነሣት ጊዜ ያገኛል። ማር ፈሳሽ ስለሆነ የመጀመሪያውን ሥራ ጨርሶ አይሠራም። በዚያ ላይ ከክብደቱ ከ17 እስከ 20 በመቶው ውኃ ነው፣ ከስኳር የበለጠ ያጣፍጣል፣ ቶሎም ይጠቁራል። ስለዚህ ግራም በግራም አይተካም። ለ100 ግራም ስኳር 75 ግራም ማር ይበቃል፤ የኦቨኑም ሙቀት 15 ዲግሪ ያህል ዝቅ ይላል። እኔ ራሴ በዚህ ሥራ ጀማሪ ሳለሁ ሙሉ ትሪ የማር ኬክ በ180 ዲግሪ አስገብቼ፣ አናቱን አይቼ በስሏል ብዬ አውጥቼ፣ ስቆርጠው እንደ ሾርባ ፈሶብኛል። የማር ኬክን በአናቱ ቀለም መፍረድ አይቻልም።

አሁን ውኃውን አብረን እንቁጠረው። ቅቤ ከመቶ 16 ያህሉ ብቻ ነው ውኃ፤ ሙዝ ግን ሦስት አራተኛው ውኃ ነው። 115 ግራም ቅቤ አውጥተው 115 ግራም ሙዝ ሲያስገቡ 68 ግራም ያህል ውኃ ጨመሩ። ከማሩ ወደ 35 ግራም መጣ። እንጆሪ 91 በመቶው፣ ብሉቤሪ 84 በመቶው ውኃ ስለሆነ ከሁለቱ 220 ግራም ያህል ተጨመረ። ድምሩ ከ320 ግራም ያልፋል፤ አሠራሩ ካዘዘው ወተት ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ማለት ነው። እርግጥ የፍራፍሬው ውኃ ሁሉ አንድ ላይ አይፈስም፣ ከፊሉ በፍሬው ሥጋ ውስጥ ታስሮ ይቀራል። እንጆሪ ግን ሲሞቅ ወዲያው ይለቃል፤ የተቆረጠ ከሆነማ ሊጡ ውስጥ እያለ ይጀምራል። አንድ ካፕኬክ ከፍለው እንጆሪውን ቢያነሡት ከሥሩ ክፍት ጉድጓድ፣ በጉድጓዱ ግድግዳ ላይ ደግሞ ሮዝ መልክ ያለው የሚያብረቀርቅ ሊጥ ያያሉ። እዚያ ቦታ የነበረው ሊጥ አልተጋገረም፣ ተቀቀለ። አሥር ደቂቃ ቢጨምሩለትም የሚለወጠው አናቱ ብቻ ነበር።

ቅቤው ላይ አንድ ቃል ልጨምር። «ቅቤን በሙዝ ይተኩ» የሚለው ምክር ግማሽ እውነት ነው። ስብ የዱቄቱን ፕሮቲን ሸፍኖ እንዳይተሳሰር ያደርጋል፤ የኬክ መለስለስ ከዚያ ይመጣል። ስቡ ጨርሶ ሲወጣ የሚቀረው ማስቲካ የሚመስል ነገር ነው። ከስቡ ግማሹን ያህል በሙዝ ወይም በተቀቀለ ፖም መተካት ይቻላል፤ ከዚያ ካለፈ ግን ኬክ መሆኑ ይቀራል።

ሳሙና ሳሙና ያለውና አረንጓዴ የሆነው ከአንድ ምንጭ ነው፤ ከሶዳው። ቤኪንግ ሶዳ ብቻውን የሚነፋ ነገር አይደለም፤ ጋዝ በደንብ የሚያወጣው ከኮምጣጣ ነገር ጋር ሲገናኝ ነው። ማር ትንሽ ኮምጣጣ ነው፣ እርጎም እንዲሁ፤ ግን ለ200 ግራም ዱቄት ግማሽ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም የሚያስፈልገው። እርስዎ ያደረጉት ከዚያ አራት እጥፍ ይበልጣል። ሥራ ያጣው ሶዳ ሊጡ ውስጥ ቀርቶ ያንን ጣዕም ሰጠ፣ አናቱንም ከማሩ ጋር ተጋግዞ አጠቆረው። ብሉቤሪን ሰማያዊ የሚያደርገው አንቶሳያኒን የሚባል ቀለም ነው፤ ኮምጣጣ ሲያገኝ ይቀላል፣ ሶዳ ሲያገኝ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። ለዓይን ያስጠላል እንጂ ለሆድ ጉዳት የለውም። ቤኪንግ ፓውደር ግን ሶዳውንም ኮምጣጣውንም በልክ ይዞ የሚመጣ ነው፤ አንዱን በሌላው ልክ መተካት አይቻልም። የመሃሉ መስረጎድም ከዚሁ ጋር ይያያዛል፦ ጋዙ በዝቶ ሊጡን ቶሎ ከፍ አደረገው፣ ሊጡ ግን ረጥቦ ስለነበር ቁመቱን የሚሸከም አጥንት አላበጀም፤ ሙቀቱ ሲቀንስ ወደ ውስጥ ወደቀ።

ዱቄቱ ከአራቱ ለውጦች ያለ ጥርጥር ደጉ ነው፤ ግን እሱም አያያዝ ይፈልጋል። 100 ግራም ከነፉርሽካው የተፈጨ ዱቄት 11 ግራም ገደማ ፋይበር አለው፣ ነጩ 3 ግራም እንኳ አይሞላም። ነገር ግን ፉርሽካ ውኃ የሚጠጣው ቀስ ብሎ ነው። ሊጡን አደባልቀው ወዲያው ካስገቡት ቅንጣቶቹ ሳይርሱ ይጋገራሉ፤ ጥርስ ላይ አሸዋ አሸዋ የሚለው ለዚህ ነው። ሹል ጫፋቸው ደግሞ ጋዙን የሚይዘውን የግሉተን (የስንዴው ፕሮቲን) መረብ ይቆራርጠዋል። መፍትሔው ግማሽ በግማሽ ከነጩ ጋር መቀላቀልና ያልተበጠረውን ክፍል ቀድሞ ማራስ ነው።

«ተፈጥሯዊ» የሚለውን ቃል በተመለከተ ሊያስቀይምዎ የሚችል ነገር ልናገር። ማር ለሰውነት ስኳር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ባወጣው መመሪያ ሰዎች እንዲቀንሱ የሚመክረው «ነፃ ስኳር» ብሎ ሲተረጉም በፋብሪካና በወጥ ቤት የሚጨመረውን ብቻ ሳይሆን ማርን፣ ሽሮፕንና የፍራፍሬ ጭማቂን ጭምር ይጨምራል። ገደቡ በቀን ከሚያገኙት ኃይል ከ10 በመቶ በታች ነው፤ ከ5 በመቶ በታች ቢሆን ይበልጥ ይመረጣል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር 17 ግራም ያህል ስኳር አለው። ቡናማ ስኳርም ከነጩ የሚለየው በትንሽ ሞላሰስ (ስኳር ሲመረት የሚቀር ጥቁር ሽሮፕ) ነው። ሙሉ ፍሬ ግን ከዚህ ቆጠራ ውጭ ነው፣ ስኳሩ በፋይበርና በውኃ ተጠቅልሎ ይመጣልና። ስለዚህ ማር ለጣዕሙና ለርጥበቱ ከሆነ ይግባ፤ «ጤናማ ነው» ተብሎ 200 ግራም ከተገለበጠ ግን ስያሜው ተለወጠ እንጂ ስኳሩ ያው ነው። በእርስዎ አሠራር አንዱ ካፕኬክ 14 ግራም ያህል ስኳር ከማሩ ብቻ ይደርሰዋል። ከዚህ በታች በምሰጥዎ ግን ወደ 6 ግራም ይወርዳል።

ፍራፍሬ ሁሉ ለሊጥ አይደለም። ሊጥ ውስጥ ለመግባት የተፈጠረ የሚመስለው ሙዝ ነው፤ ልጣጩ ጥቁር ነጠብጣብ ያወጣ፣ ሲጫኑት የሚሰርግ። በዚያ ደረጃ ስታርቹ አብዛኛው ወደ ስኳር ተለውጧል፤ ቢጫና ጠንካራ ሙዝ ግን ኬኩን ያከብደዋል እንጂ አያጣፍጠውም። ፖም በትንንሹ ተከትፎ ወይም በመፋቂያ ተፍቆ ሲገባ ለሊጥ በደንብ ይስማማል። ብሉቤሪ ልጣጩ ውኃውን ስለሚይዝለት ሳይቆረጥ ይገባል፤ ከፍሪዘር የወጣ ከሆነ ሳይቀልጥ፣ በመጨረሻ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ አገላብጠው። አለበለዚያ ሊጡ በሙሉ ወይን ጠጅ ይሆናል። ደረቅ ፍራፍሬ ለ20 ደቂቃ በሞቀ ውኃ ይዘፍዘፍና ይጠንፈፍ፤ በደረቁ ከገባ ውኃውን ከኬኩ ይጠጣል። የብርቱካንና የሎሚ ልጣጭ ባለቀለሙ ክፍል ብቻ ተፍቆ ቢገባ ውኃ ሳይጨምር ከየትኛውም ፍሬ የላቀ መዓዛ ይሰጣል፤ ነጩ ከሥሩ ያለው ይመራል።

እንጆሪን ከሊጥ አውጡት እላለሁ። ከላይ ይደር፣ ሲቀርብ፣ ትኩሱን። ውስጥ ካልገባ ሞቼ እገኛለሁ ካሉ አስቀድመው ተቆርጦ በ120 ዲግሪ ለአንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ኦቨን ውስጥ ይጨማደድ፤ ጣዕሙም ይጎላል። ማንጎም ወደ እንጆሪው ይጠጋል፣ ትንሽ ይሻላል። አናናስና ፓፓያ ሌላ ጣጣ አላቸው፤ ጥሬያቸው ፕሮቲን የሚፈጭ ኢንዛይም ይዟል። ቶሎ ለሚጋገር ሊጥ ብዙም አያሰጋም፤ ጥሬ አናናስ በእርጎ ወይም በክሬም ላይ ካደረጉ ግን ጥቂት ቆይቶ ክሬሙ ይቀጥናል፣ ይመራል። አምስት ደቂቃ መጥበሻ ላይ ቢያሞቁት ኢንዛይሙ ይሞታል።

ፍራፍሬው ወደ ታች እንዳይሰምጥ ዱቄት ነስንሱበት የሚባለው ምክር ብዙ አይረዳም። የሚይዘው የሊጡ ውፍረትና የቁራጩ ማነስ ነው። ቁራጩ ከሽምብራ አይብለጥ፤ ፎርማው ሥር መጀመሪያ አንድ ማንኪያ ፍራፍሬ የሌለው ሊጥ ያስቀምጡ፣ ፍራፍሬ ያለበት ከዚያ በላይ ይሁን።

ምክሬ ይኸው ነው፤ ለመጀመሪያው ጊዜ ሳይቀይሩ ይሥሩት፣ በሚዛን። 12 ካፕኬክ ይወጣዋል። 100 ግራም ከነፉርሽካው የተፈጨ የስንዴ ዱቄት ከ150 ግራም በደንብ ከበሰለ የተፈጨ ሙዝና ከ80 ግራም እርጎ ጋር አላውሰው 20 ደቂቃ ያቆዩት። በሌላ ሳህን 100 ግራም ነጭ ዱቄት፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳና ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው በወንፊት ያሳልፉ። ሁለት እንቁላል ከ90 ግራም ማር ጋር ነጣ ብሎ አረፋ እስኪይዝ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይምቱ፤ ስኳሩ ያስገባው የነበረውን አየር የምንተካው በዚህ ነው። 80 ሚሊ ሊትር ሽታ የሌለው ዘይት በቀጭኑ እያፈሰሱ ይጨምሩ፣ ከዚያ የራሰውን ዱቄት፣ በመጨረሻ ደረቁን። ደረቁ ዱቄት ከጠፋ ያቁሙ፤ እዚህ ላይ አብዝቶ ማማሰል ኬኩን ያጠነክረዋል። 100 ግራም ብሉቤሪ ወይም የተከተፈ ፖም ገባ ያድርጉበት። ሊጡ ከማንኪያው ላይ በከባዱ ዘጭ ሊል እንጂ ሊፈስ አይገባም።

ፎርማውን ሁለት ሦስተኛውን ብቻ ሞልተው በ170 ዲግሪ ከ20 እስከ 24 ደቂቃ ይጋግሩ። የመጀመሪያውን 15 ደቂቃ በሩን አይክፈቱ። ስቴኪኒ ሲወጉበት ፍራፍሬ ሳይሆን ኬኩን መውጋትዎን ያረጋግጡ፤ የሙቀት መለኪያ ካለዎት መሃሉ 96 ዲግሪ (ከፍታ ቦታ ከሆኑ ከዚያ ጥቂት ዝቅ ብሎ) ሲደርስ በስሏል። አናቱ ቀድሞ ከጠቆረ የአልሙኒየም ወረቀት ጣል ያድርጉበት። ከወጣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ከፎርማው ያውጡት፤ እዚያው ከተኛ በራሱ እንፋሎት ሥሩ ይርሳል። ከባሕር ወለል ከ1,500 ሜትር በላይ ከሆኑ ቤኪንግ ፓውደሩን ወደ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ያውርዱ፤ አየሩ ስለሚሳሳ ጋዙ ይበልጥ ይለጠጣል።

ከዚህ በኋላ መለወጥ ይችላሉ፤ አንድ በአንድ። ነጩን ዱቄት ሙሉ ለሙሉ ማውጣት ከፈለጉ 20 ግራም ያህል እርጎ ይጨምሩና ድፍን ያለ ኬክ ይጠብቁ። ማሩን ከ60 ግራም በታች ካወረዱት ጣዕሙ ሳይሆን ርጥበቱ ይጎድልብዎታል፤ የተዘፈዘፈና የተፈጨ ቴምር ያኔ ይረዳል። እንቁላልን ማውጣት የተለየ አሠራር ይጠይቃል፣ በዚህኛው አይሞክሩት። እንዲሁም ልጆቹ ሊጥ የቀረበትን ሳህን እንዲልሱ አይፍቀዱ፤ ከእንቁላሉ ሌላ ጥሬ ዱቄት ራሱ በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ሊኖርበት ይችላል።

ስኳር ያነሰው፣ ፍራፍሬ የበዛበት ኬክ ቶሎ ይሻግታል። ከማቀዝቀዣ ውጭ ከሁለት ቀን አይለፍ፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ እስከ አራት ቀን፤ የተረፈውን በቀዘቀዘ በዕለቱ ፍሪዘር ቢያስገቡት ሁለት ወር ይቆያል። ከላይ የሚቀባ ካስፈለገ በጨርቅ የተጠነፈፈ ወፍራም እርጎ ይበቃል፣ ሲቀርብ ብቻ። ያበላሹትን 12 ካፕኬክ መልሶ ማብሰል አያድነውም፣ የሶዳው ጣዕም አይወጣምና ይጣል።

ወደ ሕፃኗ ልመለስ። የእሷን ለብቻ ይሥሩላት፤ ከላይ ያለውን አሠራር በሩቡ ወስደው ማሩንና ጨውን ይተዉ፣ በማሩ ፋንታ ሙዙን በአንድ የሾርባ ማንኪያ ከፍ ያድርጉ፤ ሌላ ስኳርም አይተኩበት። ስንዴ፣ እንቁላልና የወተት ተዋጽኦ ከዚህ በፊት ለየብቻ ቀምሳ ተስማምቷት ከሆነ ብቻ ነው የሚሰጣት። ብሉቤሪ እንዳለ እንዳይገባ፣ ያንቃል፤ በሹካ ይደፍጠጥ። መልኩ ከወንድሞቿ ካፕኬክ ጋር ስለሚመሳሰል የእሷን በሌላ ቀለም ወረቀት ይጋግሩ፣ መጀመሪያም ይሥሩት፣ ማር የነካው ማንኪያ ሳይገባበት።